የዕቅድ ውይይት፦ የኳንተም ደህንነት ፕሮፖዛላችን ከየት ይነሳ?

አስተባባሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲውና ኢንዱስትሪው በጋራ የሚሠሩት የምርምር ፕሮፖዛል ላይ ሐሳብ የምንሰጠው እዚህ ነው። በእጃችን ያለው ረቂቅ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በአዲስ አበባ በሁለት ተቋማት መካከል የኳንተም ቁልፍ ስርጭት መስመር መዘርጋት፣ ባለሙያ ማሠልጠን፣ ከዚያም መስመሩን እስከ አዳማ ማስፋፋት።»

እውነቱን ለመናገር ረቂቁ ለእኔ የዕቃ መግዣ ጥያቄ ይመስላል። የምርምር ጥያቄው የቱ ነው? ኢንዱስትሪውስ ምን አገኛለሁ ብሎ ሰውና ገንዘብ ያወጣል? ሁለቱን መልሱልኝ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጻፍ። የእኛው ሲሆን ዓ.ም. እንበል። ባለፈው ጊዜ ተምታቶብን ነበር።

የፊዚክስ መምህር፣ 4 ኪሎ

ረቂቁ የእኔ ስለሆነ ልጀምር። ለአዲስ አባላት ባጭሩ፦ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ሁለት ወገኖች ምስጢራዊ ቁልፍ የሚለዋወጡት ለመፍታት በሚከብድ ሂሳብ ተማምነው ነው። ፒተር ሾር በ1994 እንዳሳየው ግን በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ከተሠራ ያ ሂሳብ ይፈታል። ቤኔትና ብራሳር በ1984 ያቀረቡት መንገድ ከዚህ ይለያል። ቁልፉ በነጠላ ፎቶኖች፣ ማለትም በብርሃን ቅንጣቶች ላይ ተጭኖ ይላካል። መሀል ገብቶ ሊለካ የሞከረ ሰው ፎቶኑን ይረብሸዋል፤ ረብሻው በስሕተት መጠኑ ላይ ይታያል። ስሕተቱ ከልክ ካለፈ ቁልፉ ይጣላል። መልእክቱ ገና ስላልተላከ የወጣ ምስጢር የለም። የኳንተም ቁልፍ ስርጭት፣ በተለምዶ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኪውኬዲ የምንለው ይህንን ነው።

ነገሩ ወረቀት ላይ የቀረ አይደለም። ጄኔቫ በ2007 የምርጫ ውጤቷን ከቆጠራ ጣቢያው ወደ ካንቶኑ የመረጃ ማዕከል ስታስተላልፍ መስመሩን በዚህ ጠብቃለች። መሣሪያውን ያቀረበው አይዲ ኳንቲክ በ2001 በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተቋቋመ ድርጅት ነው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ2010 የዓለም ዋንጫ ጊዜ በደርባን ስታዲየም መስመር ላይ ተጠቅማበታለች። የክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ከከተማው አስተዳደር ጋር ሠርቶ፣ የከተማውን ፋይበር ተጠቅሞ ማለት ነው። እኛስ ምን ያንሰናል?

የባንክ ሲስተም ደህንነት ባለሙያ

ዶክተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ይህንን ይዤ አለቆቼ ፊት አልቀርብም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን አውቀዋለሁ። «የእንግሊዝ ብሔራዊ የሳይበር ደህንነት ማዕከል ለመንግሥትና ለወታደራዊ ሥራ አልደግፈውም ያለውን ነገር እኛ ለምን እንገዛለን?» ይሉኛል። የአሜሪካው ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ (ኤንኤስኤ) አቋምም ተቀራራቢ ነው። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። ልዩ ዕቃ ያስፈልገዋል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን እንደሆነ በራሱ አያረጋግጥም፤ ለዚያ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። መስመሩን መጥለፍ ያቃተው ሰው መስመሩን ቆርጦ አገልግሎቱን ማቆም ይችላል።

ሁለቱም የሚመክሩት ድኅረ ኳንተም ምስጠራን ነው። ሂሳቡ ኳንተም ኮምፒውተርም ይፈታዋል ተብሎ ወደማይታሰብ ሂሳብ ይቀየራል፣ ፋይበሩና ኮምፒውተሩ ባለበት ይቀጥላል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በነሐሴ 2024 ሦስት ደረጃዎችን አጽድቋል። የመልእክት መተግበሪያዎቹ ሲግናል በ2023፣ የአፕል አይሜሴጅ በ2024 ወደዚሁ መንገድ ገብተዋል። ማለትም ብዙዎቻችን ሳናውቀው ኪሳችን ውስጥ አለ።

እኔን በእውነት የሚያስጨንቀኝ ዛሬ ቀድቶ ነገ መፍታት የሚባለው ነው። ጠላፊው ዛሬ የተመሰጠረውን መረጃ ይቀዳና ያስቀምጣል፤ ኳንተም ኮምፒውተሩ ሲመጣ ይፈታዋል። በቴክስት የምንልከው የማረጋገጫ ቁጥር በደቂቃዎች ስለሚሞት ግድ የለም። የደንበኛ አሻራ ግን አይቀየርም። የሕክምና መዝገብም እንደዚሁ። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም. የግል መረጃን የመጠበቅ ግዴታ አለብን። የእኔ መሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚያወጣው ለዚህ ጥያቄ ነው።

የማስተርስ ተማሪ

ታዲያ ኪውኬዲ ሞቷል ማለት ነው? ቴሲሴን በእሱ ላይ ልጽፍ ነበር እኮ!

አባል፣ ከለንደን (ቴሌኮም)

ሞተ ለማለት ቸኩለሃል ወንድሜ። እኔ ባለሁበት አገር የሆነውን ልንገርህ፤ ለፕሮፖዛሉም ይጠቅማል።

እንግሊዝ በ2014 የኳንተም ግንኙነት ማዕከል አቋቋመች። መሪው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ኬምብሪጅና ብሪስቶልን ጨምሮ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ገቡ፤ ከኢንዱስትሪው የቴሌኮም ድርጅቱ ቢቲና የኤሌክትሮኒክስ አምራቹ ቶሺባ፣ ከመንግሥት ተቋማት ብሔራዊው የፊዚክስ ላቦራቶሪ አብረው ነበሩ። በ2019 ከኬምብሪጅ እስከ ቢቲ የምርምር ጣቢያ አዳስትራል ፓርክ ድረስ 125 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ ጀመረ። በ2022 ቢቲና ቶሺባ ለንደን ውስጥ የንግድ ሙከራ ኔትወርክ ከፈቱ፤ የመጀመሪያው ደንበኛ የሂሳብና ማማከር ድርጅቱ ኢዋይ ሆነ። ሁለት ቢሮዎቹን አገናኘበት። በ2023 ኤችኤስቢሲ ባንክ ገባ። እሱ ካናሪ ዋርፍ ያለውን ዋና መሥሪያ ቤቱን 62 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ የመረጃ ማዕከሉ ጋር አገናኘ።

ለእኛ የሚጠቅመው የሥራ ክፍፍላቸው ነው። ቢቲ እውነተኛ ፋይበር አመጣ። ላቦራቶሪ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሳይሆን መንገድ ሥር የተቀበረ፣ በየጣቢያው የሚያልፍ መስመር። ቶሺባ ኬምብሪጅ ውስጥ ከ1991 ጀምሮ የቆየ ላቦራቶሪ ነበረው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ቲዎሪውንና ተማሪዎቹን ሰጡ። የፊዚክስ ላቦራቶሪው ደግሞ መሣሪያዎቹ የተባለውን መሥራታቸውን ለካ። ይህ አራተኛው ወገን ሁልጊዜ ይረሳል። ሻጭም ገዢም ያልሆነ ለኪ ከሌለ የሻጩን ብሮሹር አምኖ መቀመጥ ነው።

ደግሞ አስተውሉ። ይህን ምርምር በገንዘብ የደገፈውና ለመንግሥት ሥራ ገና ነው ያለው አንድ መንግሥት ነው። እኔ ተቃርኖ አይታየኝም። ምርምር ላይ ያለ ነገርና ለአገልግሎት የጸደቀ ነገር ይለያያል። የእኛ ረቂቅ ሁለቱን ደባልቋቸዋል።

ጡረታ የወጣ የመስመር መሐንዲስ

ልጆች፣ እኔ ስለ ኳንተሙ ብዙ አላወራም። ስለ ፋይበሩ ግን ላውራ።

ጥሩ ፋይበር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ያህል ብርሃን ይበላል። 50 ኪሎ ሜትር ላይ 10 ዴሲቤል ነው፤ ከአሥር ፎቶን አንዱ ይደርሳል። 100 ኪሎ ሜትር ላይ ከመቶ አንዱ። አዳማ እዚያ ነው። ይህ እንግዲህ በካታሎግ ቁጥር ነው። ሜዳ ላይ ስፕላይሱ (የክሩ መቀጠያ)፣ ኮኔክተሩ፣ ተቆርጦ የተቀጠለው ሁሉ ይጨመርበታል። በተለመደው መስመር ላይ ብርሃኑ ሲደክም አምፕሊፋየር፣ ማለትም ማጉያ እናስገባለን። እዚህ አይቻልም። ዶክተሩ ያብራሩት፤ ነጠላ ፎቶን አይቀዳም፤ አይደለም እንዴ?

ስለዚህ መሀል ላይ፣ ለምሳሌ ቢሾፍቱ፣ ቁልፉ ተፈትቶ እንደገና የሚላክበት የታመነ ኖድ ማቆም ይጠይቃል። ቻይኖቹ ከቤጂንግ እስከ ሻንጋይ 2,000 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ እንዲህ ዓይነት 32 ኖድ አቁመዋል። እንግሊዞቹም ከኬምብሪጅ ሲወጡ መሀል ላይ በጣቢያ በጣቢያ ነው የሄዱት። እያንዳንዱ ኖድ የተቆለፈ ክፍል፣ ጠባቂና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። እዚያ ክፍል የገባ ሰው ቁልፉን ያገኘዋል። ታዲያ የፊዚክስ ሕግ ጠበቀን ስንል የቢሾፍቱው ዘበኛ ነው የጠበቀን ማለት ነው።

ሌላው ዳርክ ፋይበር ነው። ሌላ ትራፊክ የሌለበት፣ ለብቻው የተሰጠ ክር ማለቴ ነው። አብሮ የሚሄድ ጠንካራ ሲግናል ካለ የእሱ ብርሃን ተበትኖ ፎቶኖቹን ያጥለቀልቃቸዋል። በአንድ ክር አብሮ ማስኬድ የቻሉ አሉ፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም። የፋይበሩ ባለቤት ከመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ከሌለ ይህ ፕሮፖዛል ምኞት ነው።

በምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ መስመር ከሆነ ደግሞ ነፋስ ሲነሳ የብርሃኑ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የንዝረቱ አቅጣጫ ይዋዥቃል። በኮሪደር ልማቱ ብዙ መስመር ከምሰሶ ወርዶ መሬት ስለገባ በዚህ በኩል እድለኞች ነን። የተቀጠለው ምን ያህል እንደሆነ ግን ሳይለካ አይታወቅም።

የፊዚክስ መምህር፣ 4 ኪሎ

ጋሼ ልክ ነዎት። ያልታወቀ የኳንተም ሁኔታ እንደማይቀዳ ከ1982 ጀምሮ የተረጋገጠ ነው። ደህንነቱም ርቀት መገደቡም የሚመጣው ከዚያው ነው።

አዳማን ለመተው እስማማለሁ። መስመሩን ጨርሶ መተውን ግን አልቀበልም። ምክንያቴን ላስረዳ። ኪውኬዲ በወረቀት ላይ የማይሰበር ቢሆንም መሣሪያው ይሰበራል። በ2010 በኖርዌይ ትሮንድሃይም ያሉ ተመራማሪዎች ከጀርመን ኤርላንገን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሁለት አምራቾችን መሣሪያ ፈተኑ። ዲቴክተሮቹን በደማቅ ብርሃን አሳወሯቸው። ከዚያ በኋላ ዲቴክተሩ የሚናገረው ጠላፊው የፈለገውን ብቻ ሆነ። ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ተወሰደ፣ የስሕተት መጠኑ ግን አልጨመረም። ያ ሥራ መስኩን ቀየረው። በ2012 ዲቴክተሩን ጭራሽ ማመን የማያስፈልግበት ንድፍ ታተመ። በ2018 ደግሞ የቶሺባ ኬምብሪጅ ሰዎች መንትያ መስክ የሚባለውን የኪውኬዲ ዘዴ አመጡ፤ በእሱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በላቦራቶሪ ፋይበር ተሂዷል።

እኛም የማጥቃት ላቦራቶሪ ይኑረን ነው የምለው። ከ4 ኪሎ 5 ኪሎ ያለች አጭር መስመር ትበቃናለች። ተማሪ መሣሪያ ሲሠራም ሲሰብርም ይማራል። ነገ አንድ ሻጭ መጥቶ የማይጠለፍ ሲስተም አለኝ ሲል የሚፈትሽለት ሰው አገሪቱ ያስፈልጋታል። እሱ ሰው አሁን የለም።

የባንክ ሲስተም ደህንነት ባለሙያ

ይህን እገዛለሁ። «ሻጭ ሲመጣ የሚፈትሽ ሰው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ፕሮፖዛሉ ላይ አስገቡልኝ። ማንኛውም ባንክ ይገባዋል።

ከእኛ በኩል ደግሞ ለንደን ያሉት ሊመልሱልን የማይችሉት ጥያቄ አለ። ድኅረ ኳንተም ቁልፎች ትልልቅ ናቸው። ዛሬ የምንጠቀመው የቁልፍ መለዋወጫ 32 ባይት ነው፤ ኒስት ካጸደቃቸው አንዱ የሆነው ኤምኤል ኬም 768 ግን የሕዝብ ቁልፉ ብቻ 1,184 ባይት ይሆናል። ማንነት የሚረጋገጥበት ዲጂታል ፊርማ ይብሳል። ከ64 ባይት ወደ 3,309። ፋይበር ላይ ይህ ምንም አይደለም። በሳተላይት የሚገናኝ የገጠር ቅርንጫፍ ላይ ግን እያንዳንዱ ምልልስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። የሰርቨሩን ማንነት የሚመሰክሩ ሁለት ሰርተፊኬት ከነፊርማቸው፣ ግንኙነቱ ሲከፈት ከሚላከው ፊርማ ጋር ሲደመሩ 14 ኪሎባይት አካባቢ ይደርሳሉ። ሰርቨር መልስ ሳይጠብቅ መጀመሪያ የሚልከው ብዙውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ትንሽ ካለፈ አንድ ተጨማሪ ምልልስ ይመጣል። ኔትወርኩ ዘግቶበት «ሲስተም የለም» ሲባል የሚውል ደንበኛ ላይ ይህን መጨመር ቀልድ አይደለም።

የድሮ ፖስ ማሽን ሜሞሪው ይበቃል? ኤቲኤሙስ? ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ብዙ ሰርቨሮች ለምስጠራ የሚጠቀሙበት ኦፕን ኤስኤስኤል በ3.5 ቅጂው አካቶታል። የጎደለው የሚለካ ሰው ነው። ተማሪው ወንድማችን ቴሲስ ፈልጎ ከሆነ፣ ይኸውልህ።

የማስተርስ ተማሪ

እህቴ፣ ወሰድኩት! ፊዚክስ ለተማረ ሰው ትንሽ ቢርቅም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። በ2025 ከቤጂንግ እስከ ደቡብ አፍሪካዋ ስቴለንቦሽ 12,900 ኪሎ ሜትር በትንሽ ሳተላይት ቁልፍ ተልኳል። አንድ ጊዜ አናታቸው ላይ ሲያልፍ እስከ 1 ሚሊዮን ቢት ድረስ ቁልፍ አግኝተዋል። እንጦጦ ላይ ኦብዘርቫቶሪ አለን። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ለምን ከሳተላይቱ አንጀምርም? ፋይበር የለም፣ ስፕላይስ የለም።

አባል፣ ከለንደን (ቴሌኮም)

ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ክረምቱን ግን አስብ። በደመና ውስጥ ነጠላ ፎቶን አያልፍም። ከዚያም ሳተላይቱ ራሱ የታመነ ኖድ ነው። ከቤጂንግ ጋር አንድ ቁልፍ፣ ከስቴለንቦሽ ጋር ሌላ ቁልፍ ይይዛል፤ ሁለቱንም ያውቃል። ጋሼ ያሉት የቢሾፍቱ ዘበኛ አሁን 500 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የሌላ አገር ሰው ሆነ ማለት ነው። ለሳይንሱ እሺ። ለባንክ ምስጢር ግን ሳተላይቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ይመጣል።

ለኋላ ምዕራፍ አንድ መስመር ይጻፍና እንለፈው።

አስተባባሪ

እየጠራ ነው። ያልተነካ ነገር ላንሳ። ገንዘቡና ዕቃው። የኳንተም ምስጠራ መሣሪያ በብዙ አገሮች የወጪ ንግድ ቁጥጥር ውስጥ ነው፤ ሻጩ ፈቃድ ማውጣት አለበት። የውጭ ምንዛሬውንና ጉምሩኩን ጨምሩበት። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ በዚህ ዕቃ ላይ ከተንጠለጠለ ተማሪው ዕቃ ሲጠብቅ ይመረቃል። ስለዚህ አንደኛው ዓመት ያለ ምንም የገቢ ዕቃ መሠራት የሚችል ይሁን። የባንኩ ልኬት እንደዚያ ነው። የጋሼ የፋይበር ቅኝትም እንደዚያው።

ሁለተኛው ነገር ኅትመት ነው። ተመራማሪ ያገኘውን ማሳተም ይፈልጋል። ባንኩ ደግሞ ደካማ ጎኑ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አይፈልግም። በኢንዱስትሪና ዩኒቨርሲቲ መካከል ብዙ ሥራ የሚፈርሰው እዚህ ነው። ምን እናድርግ?

የባንክ ሲስተም ደህንነት ባለሙያ

የሲስተማችን ስምና አድራሻ የሚወጣበት ኅትመት አይታሰብም። አጠቃላይ ቁጥሮች ግን ለምን አይወጡም? የትኛው ዓይነት መስመር ላይ ስንት ሚሊ ሰከንድ ጨመረ የሚለው ማንንም አያጋልጥም።

የፊዚክስ መምህር፣ 4 ኪሎ

እኔ የምፈራው «አይታተም» የሚለው ሥልጣን ያለ ገደብ እንዳይሰጥ ነው። ተማሪው ጥናቱን ሳያቀርብ ሊቀር ነው። ትሮንድሃይሞች ሳያሳትሙ በፊት አምራቾቹን አሳውቀዋል፤ ከዚያ አሳትመዋል። እኛም እንደዚያ እናድርግ። ክፍተት ከተገኘ ባለቤቱ 90 ቀን ይሰጠው። ከዚያ ስም ሳይጠቀስ ይውጣ።

የባንክ ሲስተም ደህንነት ባለሙያ

90 ቀን ለእኛ ቢሮክራሲ አጭር ነው ዶክተር። አንድ ፓች (የሶፍትዌር ማስተካከያ) ለማጽደቅ ስንት ፊርማ እንደሚፈልግ ቢያዩ! 180 ይሁን።

አስተባባሪ

180 ብለን እንጻፈው፣ ዶክተርም ቅሬታቸውን ከጎኑ ያስፍሩ። የሕግ ሰው ሲያየው ይለይለታል። እስካሁን ከተባለው ያጠናቀርኩት ይኸው፦

«ይህ ጥናት ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። አንደኛ፣ ለብዙ ዓመታት ምስጢር ሆኖ መቆየት ያለበት መረጃ ወደ ድኅረ ኳንተም ምስጠራ ሲዛወር በአገራችን መስመሮችና መሣሪያዎች ላይ፣ በተለይ በሳተላይትና በደካማ የሞባይል ኔትወርክ በሚገናኙ ቅርንጫፎች ላይ፣ ምን ይደርሳል? ሁለተኛ፣ ኳንተም ነው ተብሎ የሚቀርብልንን መሣሪያ ራሳችን መፈተሽ እንድንችል ምን ዓይነት ላቦራቶሪና ባለሙያ ያስፈልገናል? ለሁለተኛው ጥያቄ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መካከል አጭር የሙከራ መስመር ይዘጋጃል። መስመሩ የደንበኛ መረጃ አያስተላልፍም። ሻጭ ሲመጣ የሚፈትሽ ሰው ማፍራት የጥናቱ ዋና ውጤት ነው።»

አዳማ ወጥቷል። እንጦጦ በመጨረሻው ገጽ አንድ መስመር አላት። ለንደን እንዳሉት ሻጭም ገዢም ያልሆነ ለኪ ያስፈልጋል፤ የአገራችንን የሥነ ልክ ተቋም እንጋብዝ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም ከጅምሩ ይወቀው። ምስጠራ የሚነካ ሥራ ሠርተን ኋላ ፈቃድ መለመን አያዋጣም።

የማስተርስ ተማሪ

መሣሪያው እስኪመጣ ለማስተማሪያ የሚሆን ኪት አለ። የኦፕቲክስ ዕቃ አምራቹ ቶርላብስ የሚሸጠው። በነጠላ ፎቶን ፋንታ የሌዘር ምት ነው የሚልከው፤ ስለዚህ እውነተኛ ደህንነት የለውም። ፕሮቶኮሉን በእጅ ለመነካካት ግን ይበቃል። ወጪው ላይ ላስገባው?

የፊዚክስ መምህር፣ 4 ኪሎ

አስገባው። «ለማስተማሪያ ብቻ» ብለህ ግን በደማቁ ጻፍ፤ ኋላ አንዱ ኃላፊ መጥቶ ኳንተም ኔትወርክ መረቅን ብሎ ሪባን እንዳይቆርጥ።

ጡረታ የወጣ የመስመር መሐንዲስ

የፋይበሩን ክፍል እኔ እጽፋለሁ። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው ክር ምን ያህል ብርሃን እንደሚበላ፣ ስፕላይሱ የት የት እንደሆነ ከወዲሁ ለክተን ከፕሮፖዛሉ ጋር ብናያይዘው ክብደት ይኖረዋል። ለዚህ ኦቲዲአር፣ ማለትም የፋይበር መለኪያ መሣሪያ የሚያውስ ያስፈልገኛል፤ የድሮው ቢሆንም ችግር የለም፣ ባትሪው ይሥራ ብቻ። ከፋይበሩ ባለቤት የፈቃድ ደብዳቤም ይውጣልኝ። ያለ ደብዳቤ ማንሆል አልከፍትም።

አስተባባሪ

ደብዳቤውን ነገ ጠዋት አወጣለሁ ጋሼ። ባንክ፣ የቅርንጫፎቹን የመስመር ዓይነት ዝርዝር ያለ ስም ላኪልኝ። የበጀት ሠንጠረዡን የሚሠራ ሰው አሁንም የለንም። ኤክሴል የሚችልና ግዥ መመሪያውን ያነበበ ሰው ካለ ከዚህ በታች ይጻፍልኝ።